ለረውዳ ያልተነገረው

(አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል፣ የልብ ሕሙማን ክፍል፣ ረፋድ ላይ፤ አልወርድ ያለውን የደም ግፊቷን ለማብረድ የኩላሊቷን ነርቮች በሙቀት ሊያቃጥሉላት ተራዋን የምትጠብቀው ረውዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሉባባ አሁን ከውጭ ገብታ በሩን ዘግታ ቆማለች።)

ረውዳ፦ እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ጠይቂልኝ አለሽ? ማን «ሄደሽ አስተላልፊልኝ» አለሽ?

ሉባባ፦ ቀስ በይ። አሁን መጮህ የለብሽም።

ረውዳ፦ ነርሷ ናት የነገረችኝ። «እህትሽ ለሌላ ጊዜ ይሁንልን እያለች ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ይዛዋለች» አለችኝ። እኔ እዚህ ጋዋን ለብሼ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ሳልቀምስ፣ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ተቀምጫለሁ፤ አንቺ እዚያ ቀጠሮዬን ታሰርዣለሽ!

ሉባባ፦ ይሰረዝ አላልኩም። ትንሽ ይቆይልን ነው ያልኩት።

ረውዳ፦ ማን ነው የሚቆይልን? ይህንን የሚሠሩት ሐኪሞች እንግዶች ናቸው። ነገ መሣሪያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ፣ ይመለሱም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቆየ ማለት ቀረ ማለት ነው። ይሄ ጠፍቶሽ ነው?

ሉባባ፦ አልጠፋኝም።

ረውዳ፦ ታዲያ ምን ሆንሽ?

ሉባባ፦ ፈራሁ። መፍራት አይቻልም?

ረውዳ፦ አንቺ? መናኸሪያ በር ላይ ፉል ቤት ከፍተሽ፣ የሰከረ ወጠምሻ በጭልፋ የምታባርሪ ሴትዮ?

ሉባባ፦ ወጠምሻውን ሳባርር ፊት ለፊት አየዋለሁ። ይሄን አላየውም። እህቴን ውስጧን ሊያቃጥሏት፣ እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ ግድግዳ እያየሁ ልጠብቅ!

ረውዳ፦ ነይ እስቲ ወደዚህ። በቀኜ በኩል ተቀመጪ፤ በግራ ስትሆኚ ጥላሽን ነው የማየው።

ሉባባ፦ ዓይንሽ ባሰበት እንዴ?

ረውዳ፦ ያው ነው። እሱን ተይውና ስሚኝ። ሆዴን አይከፍቱም፣ እሺ? እዚህ ጋ፣ ብሽሽቴ ላይ፣ ትንሽ ቀዳዳ ነው። በደም ሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። ቱቦው እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ኩላሊት በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ጫፉ ይሞቃል። በደም ሥሩ ዙሪያ የተጠመጠሙት ነርቮች ይቃጠላሉ። በሌላኛውም ኩላሊት እንደዚያው። ስፌት እንኳ የለውም።

ሉባባ፦ ሰው ነርቭ ያለው ለማቃጠል ነው?

ረውዳ፦ እኔ የምሠራው የት ነው?

ሉባባ፦ መብራት ነዋ።

ረውዳ፦ ማከፋፈያ ጣቢያ። አንድ መስመር ካበደ፣ ከሚችለው በላይ እየላከ ሌላውን ሊያቃጥል ከሆነ፣ ምን እናደርጋለን? እንለየዋለን። የእኔ ጭንቅላትና የእኔ ኩላሊት ቀን ከሌት «ጨምር፣ ጨምር» ይባባላሉ፤ ደሜ የሚገነፍለው ለዚያ ነው። እነሱ የሚቆርጡት ይህን የሚባባሉበትን ሽቦ ነው። ያ ነው ነገሩ።

ሉባባ፦ ከቆረጡ በኋላ ባይወርድስ?

ረውዳ፦ ላይወርድ ይችላል። ዶክተሩ አልደበቀኝም። አንዳንዱ ሰው ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አያደርግም። ቢሠራም የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ኪኒን ጨርሶ አያስጥልም ብሎኛል።

ሉባባ፦ ለጥቂት ነገር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

ረውዳ፦ ጥቂት ለእኔ ብዙ ነው። አምስት ዓይነት ኪኒን እየዋጥኩ ሁለት መቶ የሚገባ ግፊት ነው ያለኝ። ትንሽ ወርዶ ሁለቱን ኪኒኖች ቢቀይሩልኝ ሌላ አልፈልግም።

ሉባባ፦ የትኞቹን?

ረውዳ፦ የትኞቹን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሉባባ፦ አላውቅም።

ረውዳ፦ እንዴ፣ እትዬ! መጀመሪያ የመጣን ቀን አጠገቤ አልነበርሽም? «እነዚህ ሁለቱ ጽንስ ያበላሻሉ፤ እነሱን እየወሰድሽ ማርገዝ ክልክል ነው። ግፊትሽ ከረገበ ግን በሌላ እንለውጣቸውና እናስብበታለን» አለኮ። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ ይዤ የወጣሁት «እናስብበታለን» የምትለዋን ነው። በድሩም እኮ ሰምቷል። እስከ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ይዞ ነው የሄደው። ከተጋባን እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም።

ሉባባ፦ አስታውሳለሁ።

ረውዳ፦ ታዲያ አታውቂም ወይ?

ሉባባ፦ ሁለቱ አልበቁሽም፣ ረውዳ?

ረውዳ፦ ሁለቱ ምን? ሁለቱ መቃብር?

ሉባባ፦ አስተግፊሩላህ! እንደዚያ ማለቴ አይደለም።

ረውዳ፦ በይ፣ እንዴት ማለትሽ ነው? ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲሞት ሐኪም ቤት በጊዜ ስላልደረስኩ ነው ተባለ። ልጅቷ ስትሞት ደግሞ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ራሴን አላውቅም ነበር፤ ፊቷን እንኳ ያየሽው አንቺ ነሽ። አሁን ግን አስቀድሜ፣ በሐኪም፣ በመላ ነው የማደርገው። ሦስተኛው በሰላም ነው የሚመጣው።

ሉባባ፦ ውሃ ላምጣልሽ?

ረውዳ፦ ውሃ ተከልክያለሁ እኮ!

ሉባባ፦ አዎ፣ ረሳሁት።

ረውዳ፦ ምን ሆነሻል ዛሬ? በድሩም ጠዋት «ውሃ ልግዛ» ብሎ ወጣ፤ ውሃውን የሚገዛው ኮምቦልቻ ድረስ ሄዶ ነው? አንቺ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ጫማዬን ነው የምታዪው።

ሉባባ፦ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ወንበር ላይ ማደር ታውቂው የለ?

ረውዳ፦ ሌላ ነገር ነው።

ሉባባ፦ ሌላ ምንም የለም።

ረውዳ፦ እትዬ፣ እኔ ስለ ልጅ ባነሣሁ ቁጥር አንቺ «ኢንሻአላህ» ሳትዪ አልፈሽ አታውቂም። ሽንኩርት እየከተፍሽም ቢሆን ትያለሽ። አሁን ይሄን ሁሉ አወራሁ፣ ዝም አልሽኝ።

ሉባባ፦ አፌ ደርቆ ነው።

ረውዳ፦ እሺ፣ አሁን በይ።

ሉባባ፦ ረውዳ፣ በናትሽ።

ረውዳ፦ አንዲት ቃል ናት። በይና ልረፍ።

ሉባባ፦ አልልም።

ረውዳ፦ ለምን?

ሉባባ፦ አላህን የውሸቴ ምስክር ማድረግ አልችልም።

ረውዳ፦ ምንድን ነው ያልሽው?

ሉባባ፦ ጋደም በይ፣ ልንገርሽ።

ረውዳ፦ አልጋደምም። ትናንት ዶክተሩ አንቺንና በድሩን ቢሮው ጠርቷችሁ ነበር። ስትመለሱ «ደም የሚለግስ ዘመድ አዘጋጁ አለን» አላችሁኝ። ለደም አልነበረም፣ አይደል?

ሉባባ፦ አይደለም።

ረውዳ፦ ቀጥዪ።

ሉባባ፦ አዲሱ ምርመራ ወጥቶ ነው የጠራን። ኩላሊትሽ ግማሽ ጉልበቱን ጨርሷል አለ። ግፊቱ ነው የበላው። ልብሽም እየገፋ እየገፋ ጡንቻው ሰፍቷል፣ ደክሟል አለ።

ረውዳ፦ ልቤ ትንሽ ማበጡን አውቃለሁ። ኩላሊቴም ደክሟል ብሎኛል። ይሄ አዲስ አይደለም።

ሉባባ፦ ይሄን ያህል ግን አላወቅሽም።

ረውዳ፦ እሺ፣ ይሄን ያህል። ከዚያስ?

ሉባባ፦ ከዚያ በድሩ ጠየቀው። «ነርቩ ተቃጥሎ ግፊቷ ቢወርድላት መቼ ማርገዝ ትችላለች?» አለው።

ረውዳ፦ ምን አለው?

ሉባባ፦ ያው... ደህና ነገር አላለም።

ረውዳ፦ እትዬ፣ ያለውን ቃል እንዳለ ንገሪኝ። እንዳታሳምሪው።

ሉባባ፦ «ቢወርድም አትችልም» አለ። «እርግዝና ለዚህ ልብና ለዚህ ኩላሊት ሞት ነው። ብትተርፍ እንኳ ኩላሊቷ ይቆምና በማሽን እየታጠበች ነው የምትኖረው» አለ።

ረውዳ፦ ለጊዜው ማለቱ ነው? ትንሽ እስካገግም?

ሉባባ፦ በድሩም እንደዚያው ነው የጠየቀው።

ረውዳ፦ እና?

ሉባባ፦ «መቼም» ነው ያለው።

ረውዳ፦ መቼም።

ሉባባ፦ አዎ እህቴ።

ረውዳ፦ ተይ፣ እጄን አትንኪኝ።

ሉባባ፦ እሺ።

ረውዳ፦ በድሩ ምን አለ?

ሉባባ፦ ከዚያ ዶክተሩ «እኔው እነግራታለሁ፣ የእሷ ጉዳይ ነው» ብሎ ሲነሣ በድሩ እጁን ያዘው። «አሁን ከሰማች አልገባም ብላ ትሄዳለች። ይለቅላትና በኋላ እኛ ቀስ ብለን እንነግራታለን» አለው። ዶክተሩ አልወደደውም። ወደ እኔ ዞረ።

ረውዳ፦ አንቺስ?

ሉባባ፦ እኔም «እንደሱ ይሁን» አልኩ።

ረውዳ፦ ጎበዞች! እኔ ተጋድሜ ልጅ አገኛለሁ እያልኩ ልቃጠል፣ እናንተ በር ላይ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ እስክትነግሩኝ ትጠብቁ!

ሉባባ፦ እንድትድኚ ነው።

ረውዳ፦ ሌላ ማን ያውቃል?

ሉባባ፦ ማንም።

ረውዳ፦ ነርሷስ? ትናንት ማታ ፀጉሬን ስትደባብሰኝ ነበር። ያለወትሮዋ።

ሉባባ፦ ታውቅ ይሆናል።

ረውዳ፦ የበድሩ እናትስ?

ሉባባ፦ እሷን ተያት አሁን።

ረውዳ፦ ነግሯታል!

ሉባባ፦ ደወለላት። ሰው አልነበረውም፣ ኮሪደሩ ጥግ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አየሁት። ለእናቱ ካልሆነ ለማን ያልቅስ?

ረውዳ፦ ለእኔ! ለእኔ ያልቅስ! ማሕፀኑ የእኔ፣ ኩላሊቱ የእኔ፣ የሞቱት ልጆች የእኔ፤ ኮምቦልቻ ያለችው ሴትዮ ከእኔ በፊት ሰማች! አሁን ቡና ተጠራርቶ የሚጠጣው ሠፈር ሁሉ ሰምቶልሻል። «ያቺ መካን» እየተባልኩ ነው፣ እኔ ግን እዚህ ስም አወጣለሁ።

ሉባባ፦ ለዚህ እኮ ነው አላስችል ያለኝ! ትናንት ማታ ከጎንሽ ተኝተው ለነበሩት እናት ስለ ስም ስታወሪ ሰማሁሽ። ሴት ከሆነች በእማዬ ስም፣ ወንድ ከሆነ... ብለሽ ሳቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል። መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሲነጋ ለበድሩ «አልችልም፣ ሳታውቅ አትገባም» አልኩት። «ትነግሪያትና ትሞታለች፤ ደሟ በአንቺ ላይ» አለኝ። ተጣልተን ነው የወጣው።

ረውዳ፦ ውሃ ሊገዛ።

ሉባባ፦ መስጊድ ነው ያለው።

ረውዳ፦ እና አንቺ ልትነግሪኝ ስትፈሪ፣ ልትደብቂኝም ስትፈሪ፣ ቀኑ ይተላለፍ አልሽ።

ሉባባ፦ ሌላ አልታየኝም። ሁለቱም በር ሞት ሆነብኝ።

ረውዳ፦ ልብሴን አምጪ።

ሉባባ፦ ምን?

ረውዳ፦ ልብሴን። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ቀሚሱንም፣ ሻሹንም።

ሉባባ፦ ረውዳ፣ አይሆንም።

ረውዳ፦ እንግዲያውስ ራሴ አመጣለሁ። መጀመሪያ ይሄን መርፌ ልንቀል።

ሉባባ፦ ኧረ ተይ! ፕላስተሩን አትንኪው! አየሽ፣ ደም! እጅሽን ስጪኝ። ስጪኝ ብያለሁ! ጨብጠሽ ያዢው። ያ አላህ፣ ጋዋኑን ሁሉ አበላሸሽው።

ረውዳ፦ ይበላሽ። የእነሱ ነው።

ሉባባ፦ መርፌው አልወጣም፣ ደህና ነው። አጥብቀሽ ያዢው። ጭንቅላትሽን እያመመሽ ነው?

ረውዳ፦ ሁልጊዜ ያመኛል። ለምን ልግባ? ንገሪኝ። ልጅ ልወልድ ነበር የምቃጠለው። ልጁ ከሌለ ለምን እቃጠላለሁ?

ሉባባ፦ ለነፍስሽ።

ረውዳ፦ ነፍሴን ምን ላደርጋት? ጠዋት ተነሥቼ አምስት ኪኒን ልዋጥ፣ ጣቢያ ሄጄ መብራት ላብራ ላጥፋ፣ ማታ ተመልሼ የበድሩን ፊት ልይ፣ እናቱ ሌላ ሴት እስክታመጣለት ልጠብቅ? ይህቺን ነፍስ ነው በእሳት የምታድኑልኝ?

ሉባባ፦ በድሩ ሌላ አያገባም።

ረውዳ፦ ሴትዮ፣ ተይ። እሱ ባይፈልግ እሷ ትፈልግለታለች።

ሉባባ፦ ከልጆቼ አንዷን...

ረውዳ፦ እንዳትዪው! ልጅሽን እንዳትሰጪኝ! እንደ ትርፍ ወጥ በሳህን ከድነሽ ልትሰጪኝ ነው? እኔን «አክስቴ» ትበለኝ፤ «እማዬ» እንድትለኝ አልፈልግም።

ሉባባ፦ እሺ፣ አላልኩም።

ረውዳ፦ ልሂድ። ቤቴ ሄጄ ልሙት። ሲመጣ ይምጣ። እማዬንም ይኸው በሽታ አይደል የወሰዳት?

ሉባባ፦ እንዴት እንደወሰዳት ታውቂያለሽ?

ረውዳ፦ ግፊት። ወደቀች።

ሉባባ፦ ወደቀች፣ ሞተች? እንደሱ ነው የምታውቂው?

ረውዳ፦ ታማ ተኝታ ነበር፣ አስታውሳለሁ። ልጅ ነበርኩ።

ሉባባ፦ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ለምን ቀጥታ ወደ ጎረቤት፣ ወደ እነ ሸህ ይማም ቤት የምልክሽ ይመስልሻል?

ረውዳ፦ ሥራ ስለሚበዛብሽ።

ሉባባ፦ እማዬን የማጥብበት ሰዓት ስለነበር ነው። ስሚኝ፣ ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እማዬ ወደቀች፤ ግን አልሞተችም። አራት ዓመት ተኛች፤ አንቺን «ተኝታለች» እያልኩ ወደ ክፍሏ አላስገባሽም ነበር። ግማሽ ገላዋ እንደ ግንድ ነበር። አፏ ተጣሞ ምራቋ በአንገቷ ይፈስሳል። «ውሃ» ማለት አትችልም። ሁሉን ነገር ግን ታውቃለች። ዓይኗ ያውቃል። ያቺ እናታችን በሰው ፊት ሻሿ ሸርተት ሲል የምትደነግጥ ሴት ነበረች። ገልብጬ ሳጥባት እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርድ ነበር። ጀርባዋ ቆስሎ፣ ቁስሉ አጥንቷ ድረስ ገብቶ... ሽታውን ለመሸፈን ሎሚ እጨምቅ ነበር። ሎሚ ዛሬም አልወድም፤ «ለምን ፉሉ ላይ ሎሚ አትጨምሪም» እያላችሁ ብትነዘንዙኝም የማልጨምረው ለዚህ ነው።

ረውዳ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ሉባባ፦ ልጅ ነበርሽ። ከዚያ አደግሽ፣ ከዚያ ታመምሽ። መቼ ልንገርሽ? «ቤቴ ሄጄ ልሙት» ትያለሽ። ማን ሞት ነው አለሽ? ሞት ቢሆን እኔም አልቅሼ እቀብርሽ ነበር። ግፊት እንዳሻው ነው። ያሻውን ይገላል፣ ያሻውን ደግሞ ገድሎ ሳይጨርስ ይተወዋል። አንቺም ነገ በዚያ በግራ በኩል ተሽመድምደሽ፣ ዓይንሽ እያየ፣ ውሃ ማለት አቅቶሽ ልትተኚ ትችያለሽ።

ረውዳ፦ አታስፈራሪኝ።

ሉባባ፦ ማስፈራራቴ ነው! ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። ደግሞ ሌላም ልንገርሽ፣ ትጠዪኝም እንደሆነ ጥዪኝ። አንቺን ማጠብ አልችልም።

ረውዳ፦ ምን?

ሉባባ፦ አልችልም። እማዬን ሳጥብ ወጣት ነበርኩ። አሁን ወገቤ ጎብጧል፣ የፉል ድስት እንኳ የሚያነሣልኝ ሰው ነው የምጠራው። ያንን ነገር ሁለተኛ ጊዜ፣ በአንቺ ገላ ላይ... አልችልም። ሳስበው ሌሊት ከእንቅልፌ ያባንነኛል። «ያ አላህ፣ ይህን ከምታሳየኝ አንዴ ውሰዳት» ብዬ ለምኜ አውቃለሁ። ስለ አንቺ! ከዚያ ተነሥቼ አለቅሳለሁ። ሳሳድግሽ አንድ ቀን ክፉ ቃል ካፌ አልወጣም፤ ይኸው ዛሬ ወጣ።

ረውዳ፦ እንድሞት ለምነሻል?

ሉባባ፦ አዎ። ስደቢኝ።

ረውዳ፦ በድሩስ አያጥበኝም?

ሉባባ፦ ወንድ ነው። አንድ ወር ያጥብሻል። ከዚያ እናቱን ይጠራል።

ረውዳ፦ የእሱ እናት ከምታጥበኝ...

ሉባባ፦ አዎ።

ረውዳ፦ አሁን ሳቄ መጣ። ያ አላህ፣ በዚህ ሰዓት!

ሉባባ፦ ሳቂ። ከማልቀስ ይሻላል።

ረውዳ፦ እያለቀስኩም ነው። ይሄውልሽ፣ እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ የነገርሽኝ እውነት ይሄ ብቻ ነው፤ አላጥብሽም ያልሽኝ።

ሉባባ፦ ይቅርታ።

ረውዳ፦ ይቅርታሽን አሁን አልፈልገውም። ምናልባት ሌላ ቀን። አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ቃጠሎው ኩላሊቴን ያድነዋል?

ሉባባ፦ የጠፋውን አይመልስም። የቀረው እንዳይጠፋ ይረዳ ይሆናል አለ። «ይሆናል» ነው ያለው፣ አልጨመርኩበትም።

ረውዳ፦ እንደ እማዬ ከመውደቅስ?

ሉባባ፦ ግፊቱ ትንሽም ቢወርድ የመውደቁ አደጋ ይቀንሳል አለ። አይቀርም አላለም። ይቀንሳል።

ረውዳ፦ ሁሉ ነገር «ይቀንሳል»፣ «ይሆናል»። አንድ እርግጥ ያለው ነገር ያ «መቼም» ያለው ብቻ ነው።

ሉባባ፦ አዎ።

ረውዳ፦ ሌላ የደበቃችሁኝ አለ?

ሉባባ፦ የለም።

ረውዳ፦ ወላሂ በይ።

ሉባባ፦ ወላሂ የለም።

ረውዳ፦ ወንዱ ልጅ በሞተ ጊዜ እኔ ከሐኪም ቤት ስወጣ የሰፋሁለትን ልብስ ሁሉ ከቤት አጥፍታችሁት ነበር። እንዳልጎዳ ነው ተባለ። እኔ ግን ለወራት ጓዳ ጓዳውን ስፈልግ ነበር፤ አንድ ካልሲ እንኳ ባገኝ ብዬ። የሆነ ነገር በመዳፌ ይዤ ማልቀስ ነበር የፈለግሁት። እናንተ ከሐዘን ታድኑኛላችሁ፤ እኔ ግን ያው አዝናለሁ፣ ብቻዬን። ልዩነቱ እሱ ነው።

ሉባባ፦ አላሰብነውም።

ረውዳ፦ ዛሬም አላሰባችሁትም። ዛሬ ልጄን ድጋሚ ነው የቀበራችሁብኝ፣ እኔ ሳልቆም።

ሉባባ፦ ረውዳዬ...

ረውዳ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ነገሩ ሲያልቅ በድሩን እኔ ነኝ የማናግረው። አንቺ መሃል አትግቢ። ሌላ ማግባት ከፈለገ ዓይኔን እያየ ይበለኝ፤ በእናቱ በኩል አይላክብኝ። ካልፈለገም እንደዚያው፣ ዓይኔን እያየ።

ሉባባ፦ እሺ።

ረውዳ፦ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ቢበላሽ፣ ስነቃ ምን እንደሆነ ይነገረኝ። «ደህና ነሽ» የሚል ሰው እንዳይቀርበኝ።

ሉባባ፦ እሺ... ትገቢያለሽ ማለት ነው?

ረውዳ፦ አንቺ ስለለመንሽኝ አይደለም።

ሉባባ፦ አይሁን።

ረውዳ፦ በድሩም ስላለቀሰ አይደለም። እማዬ ውሃ ማለት አቅቷት እንደነበር ስለነገርሽኝ ነው። እኔ መናገር እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም ባይኖረኝ፣ ውሃ ሲጠማኝ «ውሃ» ማለት እፈልጋለሁ።

ሉባባ፦ ያ አላህ።

ረውዳ፦ አሁን አታልቅሺ። ደሙን ጥረጊልኝ፤ እንዲህ ሆኜ ሲያዩኝ ግፊቴን ድጋሚ ሊለኩ ነው። ሻሼንም አስተካክዪልኝ።

ሉባባ፦ ቀና በይ። እንደዚህ... አጠበቅሁብሽ?

ረውዳ፦ ደህና ነው።

ሉባባ፦ እግር ይሰማሻል? መጡ መሰለኝ። ነርሷ ናት፣ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ነው።

ረውዳ፦ ትምጣ።

ሉባባ፦ በሩ ላይ ቆማ «የረውዳ ቤተሰብ አንዴ ውጭ ይምጣልኝ» እያለች ነው። የምትነግረኝ ነገር ያላት ይመስላል። ልውጣ?

ረውዳ፦ ቁጭ በይ። ሲስተር፣ ወንበሩን ይዘሽ ግቢ! የረውዳ ቤተሰብ እኔ ነኝ፤ የሚነገር ካለ ለእኔ ንገሪኝና እንሂድ።